የመንኮራኩር ሙቀት መከላከያን ውስጡን ለማየት፦ ኦፕቲካል፣ ኤስኢኤም ወይስ ማይክሮ ሲቲ?

አዳማ ላይ ላብራቶሪ የሚያደራጁ ልጆች በብርሃን ከሚያየው ኦፕቲካል ማይክሮስኮፕ፣ በኤሌክትሮን ጨረር ከሚያየው ኤስኢኤም እና በኤክስሬይ ውስጡን በሦስት አቅጣጫ ከሚያሳየው ማይክሮ ሲቲ በየትኛው እንጀምር ብለው ጠየቁኝ። ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ቁሱን እንየው።

የናሳው ስታርደስት መንኮራኩር ካፕሱል እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ምድር ሲመለስ በሴኮንድ 12.9 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ከመቃጠል ያዳነው ፒካ ነው፤ ፌኖሊክ ሙጫ የጠጣ የካርቦን ፋይበር። አብዛኛው አካሉ ባዶ ቀዳዳ ነው። ሲግል ሙጫው ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙም መውጫ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የናሳው ኦሪየን መንኮራኩር መከላከያ ከስሎ የተፈረፈረው ጋዙ ውስጡ ታፍኖ ስለሰነጠቀው ነው፤ ያ ቁስ አቭኮት ይባላል። ቀዳዳውን የእንጀራ ዓይን በሉት፤ ከላይ ይታያል፣ ከታች ከጎረቤቱ ጋር መገናኘቱን ግን አይናገርም።

ኦፕቲካል ማይክሮስኮፕ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጥገናም አይፈልግም። ፋይበሮቹ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር መቶኛ) ገደማ ውፍረት ስላላቸው በደንብ ይታያሉ። ችግሩ ጥራቱ የሚይዘው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ናሙናውን መጀመሪያ አየሩን በቫኪዩም መጥጣችሁ ረዚን (የሚደርቅ ሙጫ) አጠጡት፣ ከዚያ ቁረጡና አለስልሱት። እኛ አንዴ ደረቁን ቆርጠን፣ መጋዙ የሰበረውን ፋይበር የቁሱ ጉድለት ነው ብለን ሁለት ሳምንት ለፍተንበታል።

ኤስኢኤም ሸካራውን ገጽ እንዳለ ያሳያል። ኦክስጅን የበላው ፋይበር ጫፉ እንደ መርፌ ሾሎ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ሌላው የሙቀት መከላከያ ዓይነት፣ የሲሊካ ጡብ፣ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ምስሉ ነጭ ሆኖ ይበላሻል፤ በተለመደው ኤስኢኤም ስስ ወርቅ መቀባት ግድ ነው። ከገዛችሁ ያለ ወርቅም ማየት የሚችለውን፣ በዝቅተኛ ቫኪዩም የሚሠራውን ምረጡ። መብራት ሄድ መጣ ሲል ፓምፑ እንዳይጎዳ ዩፒኤስም አብራችሁ ያዙ። የአዳማን አቧራ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ቀዳዳዎቹ መገናኘታቸውን ናሙናው ሳይቆረጥ የሚያሳየው ማይክሮ ሲቲ ብቻ ነው። ካርቦን ኤክስሬይን እምብዛም ስለማይውጥ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውን ፈልጉ። በየጎኑ 2000 ነጥብ ያለው አንድ ባለ 16 ቢት ምስል 16 ጊጋባይት ነው፤ ኮምፒውተሩንም በጀት ውስጥ አስገቡት።

እኔ ብሆን ጥሩ ኦፕቲካልና ማለስለሻ ማሽን ገዝቼ እጀምራለሁ። ሲቲውን ሌላ ቦታ አስነስቼ፣ ናሳ በነፃ በለቀቀው ፑማ በተባለ የቀዳዳማ ቁስ መተንተኛ ሶፍትዌር እዚሁ እተነትነዋለሁ። ለመለማመጃ ከስምጥ ሸለቆ የሚገኝ አረፋማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይበቃል፤ ቢሰበርም አያስቆጭም።