የነሐስ ወይስ የአሉሚኒየም በርነር? ነበልባሉን አይታችሁ ግዙ

«የትኛውን የጋዝ ምድጃ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በዝቶብኛል። ጓደኛ ይደውላል፣ ጎረቤት መንገድ ላይ ያስቆመኛል፣ አክስቴ ደግሞ ፎቶ ትልካለች። ፎቶው ላይ የሚታየው ሁሌ የሚያብረቀርቀው መስታወት ነው። መልሴ አንድ ነው፦ መስታወቱን ተዉት፣ የበርነሩን፣ ማለትም እሳቱ የሚወጣበትን ክፍል፣ ክዳን አንሱና ገልብጣችሁ አሳዩኝ።

አዲስ አበባ ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከባድ የነሐስ ክዳን ያለው፣ ሌላው ስስ የአሉሚኒየም ኮፒ። እኔ ነሐሱን ግዙ ነው የምላችሁ። አሉሚኒየም ራሱ ጥፋት የለበትም፤ በደንብ የተሠራ አለ። የማማርረው ስሱን ፎርጅድ ነው።

ዋጋው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፤ ነሐሱን እጥፍ የሚጠሩባችሁ ሱቆች አሉ። ግን ሂሳቡ ሱቅ በር ላይ አያልቅም። ልዩነቱ 4,000 ብር ነው እንበል። ስሱ ክዳን ይጣመማል፣ ሌላ ትገዛላችሁ፣ ለባለሙያ ትከፍላላችሁ፣ በዚያ ላይ ጋዙ በደንብ ሳይቃጠል ይባክናል፣ እና 4,000ው ብር የት እንደገባ ሳታውቁት ያልቃል። ነሐሱ አርጅቶ ቢጣል እንኳ ቆራሌው በኪሎ ከአሉሚኒየም የተሻለ ይከፍልበታል።

ዋናው ልዩነት ግን ነበልባሉ ላይ ነው። ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው፣ አጭር ነው፣ ቀዳዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። ቢጫ ከሆነ አየር አንሶታል፤ ድስቱን ጥላሸት ያለብሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመጣል፣ እሱ ደግሞ ሽታ ስለሌለው ሳታውቁት ይገድላል። ከቀዳዳው ተነስቶ የሚንሳፈፍና የሚያፏጭ ከሆነ ጋዙ ወይም አየሩ በዝቶ ገፍቶታል። ዝቅ ስታደርጉት «ጧ!» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ፣ የጋዙ ፍጥነት ከነበልባሉ ፍጥነት አንሷል ማለት ነው፤ እሳቱ ቱቦው ውስጥ ይነድዳል። አክስቴ የገዛችው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ክዳኑን ሳነሳው ጠርዙ ተጣሞ፣ በክፍተቱ ሳንቲም ያልፍ ነበር። ሻጩ «አጠቃቀም ነው» ብሎ መለሳት።

አሁን የነሐሱን በርነር ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከትልልቆቹ ቀዳዳዎች ሥር ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን ስንጥቅ ካለች ጥሩ ነው። በእሷ ጋዙ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ነበልባል ሳይጠፋ ይቆያል፣ ትልቁንም ይዞ ያስቀምጠዋል። ኮፒ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የሚተዉት ይህችኑ ነው፤ ተጨማሪ ሥራ ትፈልጋለችና።

ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ትልልቅ የጋዝ ተርባይኖችም የሚቸገሩት በዚሁ ነው። ብክለት ለመቀነስ ጋዙን ቀድመው ከብዙ አየር ጋር ይቀላቅሉታል፤ ነበልባሉ ግን ይሳሳና ይወዛወዛል። የሙቀቱና የግፊቱ ከፍ ዝቅ ማለት በአንድ ጊዜ ከገጠመ አንዱ ሌላውን እየገፋ ማጓራት ይጀምራል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ይህን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። ንዝረቱ ተርባይን ውስጥ ብረት ይሰነጥቃል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ መሃል ላይ የማትጠፋ ትንሽ ነበልባል ማኖር ነው፤ እናንተ ምድጃ ላይ ያለችው ስንጥቅም ሥራዋ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳር ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። አንድ ሊትር ፕሮፔን 24 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፣ ቡቴን 31። ስለዚህ ለቆላ አገር ተብሎ የተበሳ ኖዝል (ጋዙ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ) እዚህ ጋዝ ያበዛል፣ ነበልባሉም ቢጫ ይሆናል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከፍታ ላይ በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ጋዝ ቀንሱ የሚሉት ለዚህ ነው። ቱቦው ጉሮሮ ላይ አየር የሚያሰፋና የሚያጠብ ቀለበት ያለውን ምረጡ። «ኖዝሉን በመርፌ ላስፋልህ» የሚል ባለሙያ ከመጣ ደግሞ አታስነኩት፤ ያበላሸዋል፣ ሒሳብም ያስከፍላችኋል።

ፎርጅዱን ለመለየት ሦስት ነገር አድርጉ። ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። ሥሩን በቁልፍ ጫር አድርጉ፤ ነጭ ከወጣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በእጃችሁም መዝኑት፤ ነሐስ በመጠን እኩል ከሆነ አሉሚኒየም ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል።

ስሱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሙሉ ምድጃ አትቀይሩ፣ የነሐስ ክዳን ብቻ ፈልጉ። መርካቶ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ይለያያል። ልክ ካልገጠመ ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሲሊንደር አገናኝቶ እንዲያበራላችሁ ጠይቁ፤ ከፍ አድርጉት፣ እስከመጨረሻው ዝቅ አድርጉት፣ ጆሯችሁንም ስጡት። ሻጩ አላበራም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።