አንኪ፦ የሥራ እንግሊዝኛን ለሚያጠና ሰው የሚሆን የክለሳ መተግበሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሳለሁ፣ ከውጭ አገር ለጋሽ የተላከ የቦርድ ቃለ ጉባኤ እጄ ገባ። ቦርዱ የአንድን ዕቃ አቅራቢ ክፍያ «ሳንክሽን» ማድረጉ ተጽፎበታል። ቃሉን ከዜና የማውቀው «ማዕቀብ» በሚለው ትርጉሙ ብቻ ስለነበረ፣ ክፍያው ታግዷል ብዬ ሰነዱን አንድ ሳምንት ያህል አቆየሁት። ቦርዱ ያለው ግን ተቃራኒውን ነበር፤ ክፍያውን አጽድቆታል። በዚያ ሳምንት ገንዘቡን ሲጠብቅ ለነበረው ሰው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተከታተለ ሰው ሰዋስዉ አይጠፋውም፤ የተራ ቃል ችግርም የለበትም። የሚያደናቅፈው እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር ብቻ አጣምሮ መያዙ ነው። እኔም ይህን ለማረም ብዙ ነገር ከሞከርኩ በኋላ የጸናሁበት አንኪ የተባለው መተግበሪያ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ በየቀኑ ስለተጠቀምኩበት ያየሁትን እጽፋለሁ።

አንኪ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናት ካርድ ማዘጋጃ ነው። ስሙ በጃፓንኛ በቃል መያዝ ማለት ነው። በካርዱ ፊት ጥያቄውን፣ በጀርባው መልሱን ይጽፋሉ፤ መልሱን ካዩ በኋላ «እንደገና»፣ «ከባድ»፣ «ደህና» ወይም «ቀላል» የሚል ትርጉም ካላቸው አራት ቁልፎች አንዱን ይጫናሉ። ያስታወሱት ካርድ ከቀናት፣ ቀጥሎ ከሳምንታት፣ ከዚያም ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ የረሱት ግን ያንኑ ዕለት ተመልሶ ይመጣል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ አዲስ የተያዘ ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ በኋላ ግን እየቀነሰ በሚሄድ ፍጥነት እንደሚረሳ፣ በአንድ ጊዜ ታጉሮ ከሚደረግ ጥናትም ተከፋፍሎ የሚደረገው እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ የመተግበሪያው አሠራርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ዳዊትን በየዕለቱ ከፍለው ሲደግሙ ላደጉ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንኪ የሚጨምረው፣ የትኛውን ዛሬ መድገም እንደሚገባና የትኛው ሊቆይ እንደሚችል ለይቶ ማቅረቡን ነው።

በኮምፒዩተርም ሆነ በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛል፤ የግዕዝ ፊደልንም ያለ ችግር ይቀበላል። ካርዶቹ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ኢንተርኔት አይፈልግም። እኔ ክለሳዬን የምጨርሰው ጠዋት በታክሲ ውስጥ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ግን ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። ሌሎች ሰዎች ያዘጋጇቸውን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ከባድ ቃላት የያዙ የካርድ ስብስቦች ከድረ ገጹ በነጻ ማውረድ ይቻላል። እኔም የጀመርኩት በዚያ ነበር፤ አላዋጣኝም። በወቅቱ «አሚሊየሬት» የሚለውን ቃል «አሻሻለ» ብዬ ሸመደድኩና የሩብ ዓመቱን ሪፖርት «አሚሊየሬት» አድርገናል ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ ሕግም ይሻሻላል፣ ዘርም ይሻሻላል፣ ኑሮም ሪፖርትም ይሻሻላል። እንግሊዝኛው ግን ለየአንዳንዱ የራሱን ቃል ይመርጣል፤ ለሕግ «አሜንድ»፣ ለሪፖርት «ሪቫይዝ» ይላል፤ «አሚሊየሬት»ን የሚያመጣው እንደ ድህነት፣ ሥቃይና ችግር ያለ መጥፎ ሁኔታ ሲቃለል ነው። ቃሉን አውቄው ነበር፤ ከማን ጋር እንደሚውል ግን አላወቅሁም።

ስለዚህ የወረዱትን ስብስቦች አጥፍቼ፣ ራሴ በሥራ ላይ ያገኘኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ማስገባት ጀመርኩ። መተግበሪያው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድን ቃል ሸፍኖ የሚጠይቅ የካርድ ዓይነት አለው፤ ለዚህ ሥራ የተሻለው እርሱ ነው። ለምሳሌ «አውትስታንዲንግ» ለሚለው ቃል ሁለት ካርድ አለኝ። በአንዱ ላይ የሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ ጀርባው «እጅግ የላቀ» ይላል። በሌላው ላይ ከአቅራቢ የመጣ ደብዳቤ አለ፤ በዚያ ያለው «አውትስታንዲንግ ባላንስ» ገና ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ነው። በጀርባው ነጠላ ቃል አልጽፍም፤ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እንዲታወሰኝ ነው። ከብሪታንያና ከአሜሪካ ሰዎች ጋር በአንድ ላይ የሚሠራ ሰው «ቴብል» የሚለውን ግስም እንዲህ ለይቶ ይያዘው፤ በብሪታንያ አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ በአሜሪካ ጉዳዩን ማቆየት ነው።

ለዕለት ኑሮም ያው ነው። ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ የሚያስፈልጓትን ቃላት በስልክ እየተነጋገርን አዘጋጅተናል። «ክሮኒክ» ሲባል ብዙዎቻችን ከባድ ሕመም ይመስለናል፤ ትርጉሙ ግን የቆየ ማለት ነው፤ አማርኛችን «ሥር የሰደደ» የሚለው በትክክል ይገልጸዋል። «አኪዩት» ደግሞ በድንገት የጀመረው ነው።

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው፣ በኒውዚላንድ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው። በውስጡ 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስብስቦች)፣ በብዛት ከሚያጋጥሙት ጀምሮ፣ በ10 ክፍል ተደርድረዋል። ዝርዝሩን እንዳለ ወደ ካርድ መገልበጥ አያስፈልግም፤ አንድ ሰነድ ሲያነቡ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያገኙትን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ማስገባት ይበቃል።

ጉድለቶችም አሉት። ገጽታው ለጀማሪ ግልጽ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በትዕግሥት ማለፍ ይጠይቃል። በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያቀርብ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ ሥራ ያለው ሰው ካልቀነሰው የዕለቱ ክለሳ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ያልፋል፤ እኔ 5 ላይ አድርጌዋለሁ። የአይፎን ተጠቃሚ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል ስላልሆነ በኮምፒዩተር ወይም በስልኩ የድረ ገጽ ማሰሻ ቢጠቀም ይሻለዋል። መተግበሪያው አፍ አያስፈታም፤ የጻፉትንም አያርምም፤ ለዚህ አስተማሪ ወይም የሚያነብልዎ ባልደረባ ያስፈልጋል።

አንድ የምወደው ነገር ግን አለ። ስምንት ጊዜ የረሱትን ካርድ «አልቅት» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ይለጥፍበታል፤ እንደ ቅንብሩም ከክለሳው ሊያግደው ይችላል። እንዲህ የታገደ ካርድ ባገኘሁ ቁጥር ከፍቼ ሳየው፣ ዓረፍተ ነገሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ እንጂ ከሥራዬ የመጣ ሆኖ አላገኘውም፤ አጠፋውና ያንኑ ቃል በደብዳቤዎቻችን ውስጥ ፈልጌ አዲስ ካርድ እሠራለታለሁ። «ሳንክሽን»ም የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው የዚያ ቃለ ጉባኤ ዓረፍተ ነገር ነው።