ቪትዟን አቁሜ ባቡር የያዝኩበት ወር

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁብ ደረሰኝ። ያጠራቀምኩትን ጨመርኩ፣ ከወንድሜም ተበደርኩና አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። ከእንግዲህ ሰልፍ የለ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የለ፣ የሰው ክርን ጎኔን አይወጋኝም ብዬ ነበር።

ክርኑስ ቀረ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሜክሲኮ ነኝ። ሩብ ሰዓት ካረፈድኩ ግን ነገር ተበላሸ። ሲኤምሲ ላይ መንፏቀቅ ይጀመራል፣ ጉርድ ሾላ ላይ ይቆማል፣ መገናኛ ላይ ጸሎት ነው። እግር ፍሬን ላይ፣ ዓይን ስፖኪዮ ላይ። ስፖኪዮውንም ሁለቴ ቀይሬያለሁ፤ አንዱን ሚኒባስ ገጭቶት አመለጠ፣ ሌላውን ሌባ ነቅሎት ሄደ። ቢሮ አካባቢ ደግሞ ማቆሚያ ፍለጋ ዙረት አለ። የፓርኪንጉ ልጅ ስፈልገው አይገኝም፤ ልወጣ ስል ግን ከመሬት ይፈልቃል።

ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ደብተር አወጣሁ። የሰው ሒሳብ ስሠራ እየዋልኩ የራሴን እስካሁን አለመሥራቴ! ቤንዚን፣ ፓርኪንግ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ስፖኪዮ። ከደመወዜ ሲሶው እየሄደ ነበር። እኔ ምሳዬን ሽሮ ቋጥሬ እየወጣሁ መኪናዬን እቀልባለሁ። ለአንድ ወር አቁሜያት በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ልሞክር አልኩ።

ባቡሩን የማውቀው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። ያኔ ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የኛ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 22 ጣቢያ አለው። እኔ የመጀመሪያው ጣቢያ ሰው ነኝ፤ ትልቁ ዕድሌም ይሄ ነው። ጠዋት አያት ላይ የገባ ወንበር ያገኛል። ሲኤምሲ የገባ የሚጨብጠው ብረት ያገኛል። ጉርድ ሾላ የሚጠብቅ ሰው በሩን ካገኘም ተመስገን ነው። ስለዚህ የምጽፈውን የአያት ሰው ወሬ ብላችሁ አንብቡት፤ የጉርድ ሾላ ሰው ቢጽፈው እንዲህ አይለሰልስም።

ጠዋቱን ወድጄዋለሁ። ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ፣ መዝሙር እሰማለሁ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። መኪና ውስጥ ሆኜ ባቡሩ በጎኔ ሲያልፍ የምቀናው እኔ ነበርኩ። አሁን መስኮቱ ጋ ሆኜ የቆመውን የመኪና ሰልፍ አያለሁ። ክፉ ደስታ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ማታ ሌላ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ግፊያ ነው፤ ቦርሳ በፊት በኩል ይታቀፋል። አዲስ ለሆነ ሰው ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አረንጓዴው ወደ አያት፣ ሰማያዊው ወደ ቃሊቲ ነው። በሁለተኛው ቀን ስልክ እያወራሁ የመጣው ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል በቃሊቲው መስመር መሿለኪያ ጣቢያ ደርሻለሁ! አጠገቤ የነበሩ እናት «ልጄ፣ አያት በዚህ አይኬድም፤ ሪቼ ውረጂና ተመለሺ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ሳላይ እግሬን አላነሳም።

ሰዓት ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አገልግሎቱ ሲጀመር 41 ባቡር ነበረው፤ በመለዋወጫ እጥረት የሚንቀሳቀሱት ከዚያ ቀንሰዋል። ልክ ሰዓቱ ላይ እደርሳለሁ ማለት አይሆንም። እኔ ሃያ ደቂቃ ትርፍ እይዛለሁ።

ከጣቢያ እስከ ብሎካችን በእግር ሩብ ሰዓት ነው። በጥር ሽርሽር ነው። በሐምሌ ግን ጫማ በፌስታል ይዞ መሄድ አለ። የኔ ሩብ ሰዓት ደግሞ ቀላሉ ነው። ባቡሩ ሲዘረጋ አያት የከተማው ጫፍ ነበር፤ ዛሬ ከአያት ወዲያ ያሉት እነ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ስንት ሕዝብ ይዘዋል፣ ሐዲዱ ግን አያት ላይ ያበቃል። እዚያ የሚኖር ባልደረባዬ ባቡሩ ጋ ለመድረስ ብቻ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃል። እሱን «መኪናህን አቁም» ልለው አልደፍርም። እህቴም ኮዬ ፈጬ ናት፤ እሷ ጋ በሐዲድ አይደረስም። እናቴን በዚያ ጉልበታቸው ሐኪም ቤት በባቡር አልወስዳቸውም።

እና ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለጠዋቱ ባቡር ከ10 8፣ ለማታው 5። ለቪትዟ በሥራ ቀን 3፤ እናቴን ስታመላልስ 10።

ወሩ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሁንም በባቡር ነው የምሄደው። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ባለፈው ዘበኛችን «እህቴ፣ ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሻት እንጂ» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ እየወሰድኳት ነው፤ ሽንኩርትና በርበሬ ጭና ትመለሳለች።