ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአሳ ማጥመጃ የጎማ ትል መስሪያ ፈሳሽ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ!

እጄ አሁንም ዘይት ዘይት ይላል። ከትናንት ጀምሮ በሳሙና ባሸው ባሸው አልለቅ አለ።

አምባዛና ቢልጫ የምታጠምዱ ታውቁታላችሁ። ተገዝቶ የሚመጣው የጎማ ትል ቆቃ ላይ ሁለት አሳ ሳይዝ ጭራው ይቆረጣል። የአምባዛ አፍ ሞረድ ነው። ጠንከር ያለ ራሴ ልስራ ብዬ ፕላስቲሶል ፍለጋ ወጣሁ፤ የፒቪሲ ፕላስቲክ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት የተበጠበጠበት፣ ሲሞቅ ጎማ የሚሆን ፈሳሽ ነው። ሻጩንም ታውቁታላችሁ፤ "ኦሪጅናል የዱባይ ነው፣ ላንተ ስለሆነ ነው" የሚለው ዓይነት። ሦስት ሊትር፣ 5,400 ብር።

ከአንዲት ጣሳ ናሙና ቀድቶ ፊቴ አሞቀ። እንደ ወተት ነጭ የነበረው ረጋ፣ ከዚያ ጠራ። ሲቀዘቅዝ ብስበው ብስበው አልበጠስ አለኝ። እኔም እዚያው ቀለጥኩ።

ከዚያ በርሜሉ ተከፈተ። ረዳቱ ልጅ የማማሰያውን ዱላ አነሳ። ሰውየው በዓይኑ ጠቀሰው። ልጁ ዱላውን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ መልሶ አስደገፈው። ይሄን ቆሜ አይቻለሁ!

"አይማሰልም እንዴ?" አልኩ።

"አረፋ ይገባበታል ወንድሜ።"

አረፋ መግባቱ እውነት ነው፤ የበላኝም እሱ ነው። ግን እኮ አማስሎ አረፋው እስኪወጣ ማቆየት ነው እንጂ! ዱቄቱ ከታች እንደሚዘቅጥ፣ ላይ የሚንሳፈፈው ማለስለሻ ዘይቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅኩ ጀሪካኔን አቀበልኩት። ጅል!

ገላን ቤቴ ግቢ ውስጥ ቴርሞሜትር ይዤ 170 ዲግሪ አደረስኩት። አልጠነክር አለ። ትንሽ እሳት ስጨምር ቢጫ ሆነና ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ለቀቀ። ፒቪሲ ሲቃጠል አሲድ ነው የሚተነው፤ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት ሸሸች። የጀሶው ቅርጽ ውስጥ ካፈሰስኩት የወጣው ትል ውሃ ውስጥ የከረመ ሳሙና ይመስላል። መንጠቆ ሳስገባበት ለሁለት ተከፈለ።

ደወልኩለት። "አቃጥለኸው ነው" አለ። ሳያማስል እንደቀዳልኝ ስነግረው ሳቀ። "ወንድሜ፣ ትል ከፈለግክ ጓሮህን ቆፍር፣ በነጻ ነው።" ልጁም ከኋላ ሲስቅ ይሰማኛል። ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የምትገዙ ካላችሁ፣ በርሜሉ ከስሩ ሳይማሰል እንዳትቀዱ። ናሙናውም ከራሳችሁ ጀሪካን ተቀድቶ ይሙቅ።

የእኔው ሦስት ሊትር በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እሁድ ቆቃ ቀጠሮ አለኝ፣ አሁን ጓሮዬን ልቆፍር ነው።