የወንጌል አንድምታን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ቀድሜ ልናገር፦ ግዙት። ግን ማታ ጋደም ብላችሁ የምትጨርሱት መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። የአራቱ ወንጌላት አንድምታ ወፍራም ነው፣ ይከብዳል፣ አማርኛውም ከሰፈር አማርኛ ራቅ ያለ ነው። አንዳንዱን ገጽ እየደጋገምኩ ነው የገባኝ። እስካሁን ያልገባኝም አለ። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ። አንድምታ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በቃል ሲያወርዱት የኖሩት የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። መጀመሪያ የግዕዙ ንባብ ይመጣል። ከሥሩ በአማርኛ ይፈታል። ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ፍቺ ይሰጣል። ከዚያ ደግሞ ሌላ «አንድም»። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት (የአባቶች መጻሕፍት)፣ መነኮሳት (የመነኮሳት መጻሕፍት) ተብሎ በአራት ጉባኤ ይሰጣል፤ ተማሪውም በአብዛኛው እዚህ የሚደርሰው ቅኔውን ተቀኝቶ፣ ግዕዙን አውቆ ነው። እኛ ይህን ሁሉ ዘለን ከመጻሕፍት መደብር በፌስታል ይዘነው እንገባለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን መጽሐፍ የፈለግኩት ስለ እውነት በሚደረገው ክርክር ስለሰለቸኝ ነው። አንዱ ወገን «መጽሐፍ ቅዱስ ግልጽ ነው፣ የሰው ትርጓሜ አያሻኝም» ይላል። ይህን ባለ በደቂቃው አንዲት ጥቅስ ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ይተረጉምላችኋል። ሌላው ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ «ለኔ መንፈስ እንዲህ ብሎ ገልጦልኛል» ይልና ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። ተገለጠልኝ ላለ ሰው ምን ይባላል? ምንም። አንደኛው የራሱን አነባበብ ከእውነቱ ጋር አንድ አድርጎታል፣ ሁለተኛው እውነቱን የግሉ አድርጎታል። ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ «በመጽሐፍ ያለውን ትንቢት ሁሉ ማንም ለገዛ ራሱ ሊተረጉም አልተፈቀደም» ያለው ለሁለቱም የሚሆን ይመስለኛል።

አንድምታው ከሁለቱም ጋር አይሄድም። ቃሉ አንድ ነው፣ እውነቱም አንድ ነው ብሎ ይነሳል። ከዚያ ግን ሊቃውንት የተረዱትን ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል፣ ብዙ ጊዜም ይሄኛው ይበልጣል ብሎ አይፈርድም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር አናዶኝ ነበር፤ አንዱን ንገሩኝና ልረፍ የሚያሰኝ ነው። ስቆይ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት ይህንኑ ሆነ። እግዚአብሔር የተናገረውን ሙሉ በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨበጥኩት የማይል መጽሐፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ትሕትና በዛሬ ሰባኪ ዘንድ ብዙም አይገኝም።

አቀራረቡ ራሱ የጉባኤ ቤት ሽታ አለው። «ስለምን እንዲህ አለ ቢሉ» ብሎ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ሐተታ ይገባል፣ ታሪክ ይገባል፣ ከመዝሙረ ዳዊት ወይም ከነቢያት አንድ ጥቅስ ይጠራና «እንዲል» ተብሎ ይዘጋል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው የኔታ ሲያወርዱላቸው የሚሰማችሁ እስኪመስላችሁ ድረስ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በዝምታ ሲነበብ የሚደርቀው ዓረፍተ ነገር በድምፅ ሲሆን ይፈታል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ፣ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ፣ ሉቃስ ምዕራፍ 10። ሁላችንም ከልጅነት የምናውቀው ነው፦ መንገደኛው ተደበደበ፣ ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አለፉት፣ ሳምራዊው አዘነለት። በእኛ ሊቃውንት ትርጓሜ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው አዳም ነው፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ራሱ ጌታ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ለባለቤቱ የተሰጡት ሁለት ዲናሮች ደግሞ ብሉይና ሐዲስ። ይህ አነባበብ የእኛ ብቻ አይደለም። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ኦሪጀን ከአንድ ሽማግሌ ሰማሁት ብሎ ያንኑ አዳምን፣ ያንኑ ማደሪያ ያነሳል፤ ሁለቱን ዲናሮች ግን አብና ወልድ ናቸው ይላል። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ደግሞ ሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት ናቸው ይላል፣ እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ።

እንግዲህ ሁለት ዲናር ሦስት ዓይነት ሆነ። ማን ዋሸ? ማንም። ሦስቱም ወድቆ የነበረውን ሰው ያነሳው ክርስቶስ ነው በሚለው ይስማማሉ፣ ልዩነታቸው ዲናሩ ላይ ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ ምሥጢር ቀጥተኛውን ትርጉም አይሽረውም፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ካያችሁ ዛሬም ማንሳት አለባችሁ። «ሳምራዊው ጌታ ነው» ብሎ ተርጉሞ የወደቀውን ሰው ዘሎ የሚያልፍ ካለ፣ ወንጌሉን በትርጓሜ አምልጦታል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ አለ፣ አይቻለሁ።

ታዲያ አንድም አንድም እያለ ማለቂያ የለውም እንዴ? አለው፣ አጥር አለው። አጥሩ ደግሞ በቀላሉ የቆመ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 10፥38 ላይ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው የሚል ቃል አለ። ቀባው ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ሊቃውንቱ ተከፋፍለው፣ ቅብዐት፣ ጸጋ፣ ካራ በሚባሉ ሦስት ወገኖች ሆነው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ነገሥታትም ገብተውበታል፣ ሰውም ሞቶበታል። በመጨረሻ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ሦስት ልደት የሚለው የጸጋ ወገን ትምህርት፣ ማለትም ክርስቶስ ከአብና ከድንግል ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚለው፣ ተወገዘ። እዚያ ላይ «አንድም» አልሠራም። ስለ ዲናሩ ሦስት ዓይነት ማለት ይቻላል፣ ክርስቶስ ማን ነው በሚለው ግን አይቻልም። ጉባኤው በንጉሥ ጉልበት መደገፉና ያልተቀበሉት ላይ የደረሰው ነገር ደስ የሚል ታሪክ አይደለም፤ እውነትን በአዋጅ ማጽናት የራሱ ጣጣ አለው። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሚፈቀድና የቱ ጋ እንደማይፈቀድ የሚያውቅ ትምህርት መሆኑን ግን ያሳያል።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ወዳጆቼን የሚያስከፋ ነገር ልናገር። አንድምታውን ከራሱ ከወንጌሉ እኩል የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ አንዲት ነጥብ አይነካበትም ባዮች። መጽሐፉን የሠሩት አባቶች ራሳቸው እንዲህ አላሰቡትም። በጎንደር ዘመን መምህር ኤስድሮስ የቆየውን ትርጓሜ እያረሙና እያስተካከሉ አስተማሩ፤ የእሳቸው መንገድ ታች ቤት ሲባል፣ የቀድሞውን የያዘው ላይ ቤት ተባለ። ሁለት ቤት፣ አንድ ወንጌል። የአባቶችን ቃል የሚያከብር ሰው አባቶች ራሳቸው ሲያርሙት እንደነበር አብሮ ማክበር አለበት።

ከዚህም የሚገርም አለ። ሮጀር ካውሊ የተባለ እንግሊዛዊ አጥኚ ይህን ትርጓሜ ምንጭ ምንጩን እያየ ሲመረምር፣ ከ11ኛው መቶ ዘመን የባግዳድ ካህንና ሐኪም ከኢብን አጥ ጠይብ ሐተታ ጋር ብዙ የሚጋራው እንዳለ አሳይቷል። ሐተታው በዐረብኛ ተጽፎ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ሰውየው ደግሞ የእኛ ሰዎች ንስጥሮሳዊ የሚሏት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር! ክርስቶስን ለሁለት ከፈለ ብለው ንስጥሮስን የሚያወግዙ ሊቃውንት ከዚያ ቤት የመጣውን ጥሩ ጥሩውን ወስደው፣ ከእምነታቸው ጋር የማይሄደውን ትተው ሠርተውበታል። ይህን ስሰማ አንዳንዱ እንደሚደነግጠው አልደነገጥኩም፣ እንዲያውም አከበርኳቸው።

ወደ ዕቃው ልመለስ፤ ገምግም ተብዬ የለ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ የጀርባው ጽሑፍ ያሳያል፣ ስለዚህ በማርከር ማስመር አታስቡ፤ እርሳስ ይበቃል። የእኔው ጥራዝ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ሙጫ ገና ሳይቆይ ለቀቀና ሰፍቼ ነው የማነበው። ፊደሉ ደቀቅ ያለ ነው፣ ለትልልቅ ሰዎች በስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት መነጽራቸውን አስቡ። ምዕራፍና ቁጥሩ በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፴ን ከ፵ ለመለየት የምትቸገሩ ከሆነ ከመጽሐፉ በፊት እሱን ተለማመዱ። ዋናው ጉድለቱ ግን ማውጫ ነው። አንድ ቃል ወይም አንድ ርእስ የት እንደተተረጎመ ለማግኘት ገጽ በገጽ መግለጥ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ላይ አንድ ጥሩ የቃላት መፍቻና ማውጫ ጨምሮ ማተም ምን ያህል ይከብዳል?

ይዘቱም ላይ ሁሉን እንደ ወረደ አትዋጡት። ስለ እንስሳት ባሕርይ፣ ስለ አገሮች አቀማመጥ፣ ስለ ጥንት ነገሥታት በየመሀሉ የሚገባው ታሪክ በዘመኑ ይታወቅ የነበረው ነው። ምሳሌ ለመስጠት የመጣ እንጂ የተፈጥሮ ሳይንስ ለማስተማር አይደለም። እሱን ይዛችሁ ከባዮሎጂ መምህር ጋር አትጣሉ፤ እሱን ሰበብ አድርጋችሁም መጽሐፉን አትጣሉት።

ለማን ይሆናል? ሰንበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ግድ ነው። ስብከት እየሰማ «ይሄ ከየት መጣ?» ለሚል ሰው በጣም ጥሩ ነው፣ ግማሹን ስብከት ምንጩን እዚህ ታገኙታላችሁ፣ ሌላው ግማሽ ከሰባኪው ከራሱ መሆኑንም ትደርሱበታላችሁ። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ለሆነም እመክራለሁ፤ ባትስማሙ እንኳ የማትስማሙት ከምን ጋር እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ከፌስቡክ ጥቅስ ጋር ከመጣላት ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው ግን ይቆየው። መጀመሪያ ወንጌሉን ራሱን ያንብብ።

ብቻችሁንም አታንብቡት። ጃንደረባው ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው፣ ያውም የንግሥት ባለሟል ሆኖ። አንድምታውም ከመምህር አፍ እንዲሰማ የተሠራ ነው። በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ መምህራን አሁንም አሉ፤ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ የኔታ ይህቺ አንድም እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ደስ ይላቸዋል።

ከማቴዎስ መጀመሪያ አትነሱ፤ የትውልድ ሐረጉ ላይ ትዝላላችሁ። ከሉቃስ ምሳሌዎች ጀምሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ እዚያው ሱቁ ላይ ገጾቹን አገላብጡ፤ የእኔ ቅጂ ላይ አንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጠርዞ ገብቷል፣ ሻጩም ከወጣ በኋላ አይመለስም ብሎኛል።