ኢሲሲ ኦዞንሶንድ፦ በፊኛ የሚወጣው የኦዞን መለኪያ

የኦዞንን መጠን ከምድር እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ በየንብርብሩ ማወቅ ለሚፈልግ ጣቢያ ከኢሲሲ ኦዞንሶንድ (ኦዞንን በኤሌክትሮኬሚካል ሴል ከሚለካው መሣሪያ) የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ሳተላይት የሚያደበዝዘውን የታችኛውን አየር እንኳ ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ትንሿ የቴፍሎን ፓምፕ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ያህል አየር እየሳበች የፖታሲየም አዮዳይድ ፈሳሽ ወዳለበት ካቶድ (ከሴሉ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ታስገባለች። እያንዳንዱ የኦዞን ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮን ያንቀሳቅሳል፤ የኦዞኑ መጠን ከዚያ ይሰላል።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ዝግጅቱ ነው። መጀመሪያ ካቶዱ ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር፣ ቀጥሎ አኖዱ (ሌላኛው የሴሉ ክፍል) ውስጥ 1.5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይጨመራል። ለ0.5 በመቶ የፖታሲየም አዮዳይድ ፈሳሽ የተሠራ ሞዴል ላይ የ1 በመቶውን መጠቀም ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ ስህተት የዓመታት መረጃ ማነጻጸርን ያበላሻል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ደግሞ ንባቡን ዝቅ ያደርጋል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፑ የሚስበው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የማስተካከያ ሰንጠረዡን መዝለል አይቻልም።

ምላሹ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይዘገያል፤ ፊኛው በሰከንድ 5 ሜትር ሲወጣ ቀጫጭን ንብርብሮች እስከ 150 ሜትር ይደበዝዛሉ። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ስለማይገኝ በጀት ሲያዝ እያንዳንዱን እንደ አላቂ ዕቃ መቁጠር ይገባል።