ሴራሚኩ፣ ቀለሙና በሩ አልስማማ ላሉበት ቤታችን መላ ላበጁልን የደብረ ማርቆስ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ደብረ ማርቆስ የሚገኘው የወላጆቻችን ቤት እድሳት በሰላም ተጠናቆ እናታችን ወደ ክፍሏ ተመልሳ ስለገባች፣ ለዚህ ያበቁንን የቀለምና የፊኒሺንግ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ ላላችሁ የምሥራቅ ጎጃም ወገኖች ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ቤተሰቡ በሚጠራቸው አጠራር ጋሼ እላቸዋለሁ።

ችግራችን የታወቀው የተገዛው ዕቃ ሁሉ ቤት ገብቶ ጎን ለጎን ሲታይ ነው። የወለሉ ሴራሚክ ከአዲስ አበባ ተጭኖ በሁለት ዙር የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዙር በስሙም በመጠኑም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ መልኩ ግን ወደ ሮዝ ያደላ ነበር፤ ሻጩም «ሞዴሉ ያው ነው» ከማለት በቀር መፍትሔ አልሰጠንም። በካታሎግ ላይ ረጋ ያለ ግራጫ የነበረው የሳሎን ቀለም ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ወደ ሰማያዊ አዘነበለ። የዋንዛው በር ደግሞ ቫርኒሽ ሲነካው ከጠበቅነው በላይ ቀላ። እያንዳንዱ ለብቻው መልካም ዕቃ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ግን እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስሉ ነበር። ቀደም ብለው ያዩት ሠራተኞች የሰጡን ምክር ቀለሙን ለውጡ፣ ሴራሚኩንም እንደገና ግዙ የሚል ነበር፤ በዛሬው የግንባታ ዕቃ ዋጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ጋሼ ሲመጡ በመጀመሪያ የጠየቁት የቀለም ካታሎግ ሳይሆን የሴራሚኩን ካርቶኖች ነው። ብዙዎቻችን ካርቶን ላይ የምናየው የሞዴሉን ስምና የሴራሚኩን መጠን ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን በጎኑ ላይ በትንሹ የታተመውን፣ ሼድ ወይም ቶን የሚባለውን የመልክ መለያ ቁጥርና ካሊበር የሚባለውን የልክ ቁጥር እያነበቡ ካርቶኖቹን በሁለት ረድፍ ለዩአቸው። ሴራሚክ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የሚወጣ ዕቃ በመሆኑ፣ የጥሬ ዕቃው ድብልቅ ወይም የምድጃው ሙቀት ትንሽ በተለወጠ ቁጥር መልኩም ትክክለኛ ልኩም በጥቂቱ እንደሚለወጥ፣ ፋብሪካውም እነዚህን ቁጥሮች የሚያትመው በዚሁ ምክንያት መሆኑን አስረዱን። ከዚያም ከየካርቶኑ አንዳንድ ሴራሚክ አውጥተው በረንዳው ላይ ደረደሩ፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ጀርባው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ አንዴ ቆመው አንዴ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

ሁለቱን ሼድ ማደባለቅ ወለሉን ዝንጉርጉር እንደሚያደርገው ነግረውን፣ የመጀመሪያውን ዙር ለሳሎንና ለምግብ ክፍሉ፣ ሁለተኛውን ለኮሪደሩና ለመኝታ ክፍሎቹ መደቡት። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በሩ ሲዘጋ ልክ ከሳንቃው ሥር እንዲውል አድርገው አስለኩ፤ ስለዚህ በሩ ሲዘጋ በየወገኑ የሚታየው አንድ መልክ ብቻ ነው፤ ሲከፈትም መስመሩ ሆን ተብሎ የተበጀ ወሰን ይመስላል። በአንዱ ሼድ ውስጥ ግን አንጣፊው አንዱን ካርቶን ጨርሶ ወደ ሌላው እንዳይሄድ፣ ከተለያዩ ካርቶኖች እያፈራረቀ እንዲያነጥፍ አዘዙ። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግራውት ሲደርቅ ስለሚነጣም፣ ከሁለቱም ሼድ ጋር የሚሄደውን ግራጫ የወሰኑት በተሰበረ ሴራሚክ ላይ ሞክረው፣ አድርቀው ካዩት በኋላ ነው።

በእኔ ግምት ዕውቀታቸው ይበልጥ የታየው በቀለሙ ላይ ነው። ግድግዳውን ወዲያው አልነኩትም። አንድ ሰፋ ያለ ቺፑድ ላይ እንደ ግድግዳው ስቱኮ አስቀብተው፣ ቀለሙን ሁለት እጅ ቀብተው እስኪደርቅ ጠበቁና ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት ሲበራ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዘዋወሩ አዩት። «እትየ፣ ማታ ማታ የሚቀመጡት የት ነው?» ብለው እናታችንን ጠይቀውም፣ ናሙናውን የማታ መብራት ሲበራ የተመለከቱት ከእሷ መቀመጫ ላይ ሆነው ነው።

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በበጋው ወራት በደቡብ በኩል ትውላለች፤ ወደ ሰሜን የምትዞረው በግምት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ያኔም ብዙውን ቀን የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል። የሳሎናችን መስኮት ወደ ሰሜን የሚያይ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይሆን ሰማያዊነት ያለው የሰማይ ብርሃን ነው። በዚያ ላይ የተገጠሙት አምፖሎች 6500 ኬልቪን የሚባሉት፣ ነጭና ቀዝቃዛ ብርሃን የሚሰጡት ነበሩ። ግራጫው ቀንም ማታም ሰማያዊ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ቀለም ቤቱ የተሳሳተ ቀለም ስለሰጠን አልነበረም። ጋሼ አምፖሎቹን ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ብርሃን በሚሰጡ ባለ 3000 ኬልቪን አስቀየሩ፤ ከቀለሙም ጥቂት ወስደው ቢጫና ቡኒ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ሞቅ ያለ ግራጫ እስኪሆን በናሙናው ላይ ሞከሩ። ልኩ ሲገኝ የሁሉንም ጣሳ ቀለም በአንድ ትልቅ በርሜል ገልብጠው አንድ ላይ በጠበጡት፤ ጣሳ በጣሳ ቢበጠበጥ ኖሮ አንዱ ጣሳ አልቆ ሌላው በተጀመረበት የግድግዳው መካከል ልዩነቱ ይታይ ነበር።

የሚያብለጨልጭ ቀለምና ማት የሚባለው ደብዛዛ ቀለም፣ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም እንኳ መልካቸው አንድ እንደማይሆን ያወቅሁትም ከእሳቸው ነው። ደብዛዛው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ፈዘዝ ብሎ ሲታይ፣ የሚያብለጨልጨው ጠቆርና ደመቅ ይላል፤ ከዚህም ሌላ ከመስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን በሚያብለጨልጭ ግድግዳ ላይ የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ስለዚህ ግድግዳው ደብዛዛ ሆኖ እንዲቀር፣ የበሩና የመስኮቱ ክፈፎች ግን ግድግዳውን ለመምሰል ከመሞከር ይልቅ በግልጽ የሚለይ ክሬም እንዲቀቡ አደረጉ። ጨለም ባለው ኮሪደር ውስጥ ለሚውለው ነጭ ቀለምም፣ የዘይት ቀለም ብርሃን በሌለበት ቦታ ቶሎ ቢጫ እንደሚሆን ነግረውን በውኃ የሚበጠበጠውን አስገዙን።

የዋንዛውን በር እኛ ፍቀው እንደገና እንዲቀቡት ስንለምናቸው እሳቸው እንቢ አሉ። «ዋንዛ ሲቆይ መልኩ እየጠቆረ የሚሄድ እንጨት ነው፤ አሁን ያስቸገራችሁ ቅላቱ ይበርዳል። መጀመሪያ የማይለወጠውን ዕቃ ለዩና የሚለወጠውን ወደ እሱ አምጡት» አሉን። ግራጫው ሞቅ ሲል የበሩ ቅላት ዐይን መውጋቱን ተወ፤ በሩም ሳይነካ ቀረ። ለመፋቅና እንደገና ለመቀባት ሊከፈላቸው የነበረውን ገንዘብ በዚህ ምክር እንዳስቀሩት ልብ ይሏል፤ በሙያቸው ላይ ይህን የመሰለ ታማኝነት መጨመራቸውን ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። እድሜና ጤና ይስጥልን።

የእሳቸውን አገልግሎት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ይሠራሉ፤ እስከ ደጀንና አማኑኤልም ይሄዳሉ። ሳትደውሉ በፊት የሴራሚካችሁን ካርቶን አትጣሉ፤ የገዛችሁትን ቀለም ቁጥር ያዙ፤ የሚቻል ከሆነም ከበሩ ወይም ከቁም ሳጥኑ የተረፈ ቁራጭ እንጨት አስቀምጡላቸው፤ በስልክ በሚላክ ፎቶ ብቻ ቀለም አይመርጡም፤ ቤቱን መጥተው ማየት ይፈልጋሉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሥራ ስለሚበዛባቸው ለጥቅምትና ለኅዳር ያሰባችሁ ከወዲሁ ቀጠሮ ያዙ።